ብርድ ልብስ ስለ ለበሰው ብሬከር ለሊቀ መንበራችን የተጻፈ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሀብቱ እንየው
የፈረስ ሜዳ ሰፈር የወፍጮ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር
ቆሰበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ከየካቲት ብርድ፣ ዓይንዎ ከዱቄት ብናኝ፣ ማኅተምዎም ከቀለም እጥረት ተጠብቀው እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎና ከብትዎ፣ በተለይም በጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ያለፈው ዳማ ፈረስዎ ደኅና መሆናቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደኅና ነኝ። የእህቴ ልጅ የሻረግም ደኅና ናት ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ከቀኝ እጇ መዳፍ በቀር።

ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ማስገባት ይገባኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ በትሕትና እንዳስረዱኝ ግን ማኅበሩ አቤቱታ የሚቀበለው ከአባል ወይም ከሠራተኛ ብቻ ሲሆን፣ እኔ የሠራተኛ አጎት እንጂ ሌላ ምንም አይደለሁም። ስለዚህ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። በሩ ከተዘጋ አንድ ወር ስለሞላው፣ እህሉን ይዞ መጥቶ የሚመለሰው ሰው ቆሞ ለማንበብ ጊዜ አያጣም።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ስሜ አትክልት ምስጋናው ነው፤ ሰፈሩ አያ አትክልት ይለኛል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሲሆን፣ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀውን ያወቅሁት ሰው የጣለውን ሬዲዮ፣ ምድጃና ሞተር እየፈታሁ፣ አንዳንድ ጊዜም እየነዘረኝ ነው። የሻረግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን በእኔ አልቆመችም፣ የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ በወረቀት የተመሰከረላት ባለሙያ ሆናለች። በማኅበራችን ወፍጮ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች።

ነገሩ ይህ ነው። የካቲት ሃያ አራት ቀን ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ የሻረግ ከሥራዋ ትሰናበት እንደሆነ ይወስናል። በእርስዎ ፊርማ የወጣው ሪፖርት ጥር ሃያ አንድ ቀን በወፍጮ ቤቱ ለደረሰው ቃጠሎ ምክንያቱ «የባለሙያዋ ቸልተኝነት» ነው ይላል። ይህ ቃል በጉባኤው ከጸደቀ፣ ከዚህ እስከ ዳንግላ ድረስ ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ስሟን ሲሰማ በሩን ይዘጋባታል። ሪፖርቱ ሦስት ማስረጃ አቅርቧል፤ አንደኛ፣ ባለሙያዋ አስቀድማ ማስጠንቀቂያ አልሰጠችም፤ ሁለተኛ፣ በማኅበሩ ንብረት ላይ የፌዝ ጽሑፍ ለጥፋለች፤ ሦስተኛ፣ እሳቱ በተነሣበት ሰዓት እጇ ማብሪያው ላይ ተገኝቷል።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ አልተቆጣሁም። ለመቆጣት ሞክሬ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ እየተቆጣሁ ለመሄድ አስቤ ተነሣሁ፣ ግን መንገዱን ስጨርስ ስለምን እንደመጣሁ እንኳ ለማስታወስ ደጁ ላይ ጥቂት መቆም ነበረብኝ። ቁጣው እምቢ ስላለኝ ምስጋና ለማቅረብ ወስኛለሁ። በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ እርስዎ በቁጥር ያልተጻፈ ነገር እንደማይወዱ ሰምቻለሁና።

አንደኛ። ብሬከሩን ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ታገሡት አመሰግናለሁ።

ብሬከር ማለት፣ ለማያውቀው ልናገር፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የነበረው፣ አንዲት ጥቁር እጀታ ያለችው ዕቃ ነው። የድሮው ባልቦላ፣ ፊውዝ የሚባለው፣ አንዴ ከተቃጠለ ተጥሎ ሌላ ይገባል፤ ብሬከር ግን ሲያስፈልግ እጀታው ይወርዳል፣ ምክንያቱ ሲስተካከል ደግሞ መልሶ ይነሣል። በሆዱ ሁለት ጠባቂዎች አሉት። አንደኛው የሙቀት ጠባቂ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው የተሠራ ቀጭን ምላስ ሲሆን፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ኃይል ሲስብ ይሞቃል፣ እየሞቀ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም መስመሩን ያቋርጣል። ትርፉ ትንሽ ከሆነ ብዙ ደቂቃ ይታገሣል፣ ትርፉ ሲበዛ ቶሎ ይቆርጣል፤ ካቋረጠ በኋላም እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጀታው አይያዝለትም። ሁለተኛው የማግኔት ጠባቂ ነው፤ ጥቅልል ሽቦ ሲሆን፣ ሁለት መስመር ተነካክቶ ኃይሉ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ማግኔት ሆኖ ስቦ ይጥለዋል። እሱ አይታገሥም፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ አይጠብቅም።

እርስዎ ይህን ዕቃ «አኩራፊ» ብለው ሰይመውት ነበር። ወፍጮው ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ፈጭቶ እጀታው ሲወርድ፣ ወዲያው ሲነሣም አልያዝ ሲል፣ «ይኸው ደግሞ አኮረፈ» እያሉ በወረፋ የቆመውን ሰው ያስቁ ነበር። እኔም ስቄያለሁ፤ ቀልድዎ መጥፎ አልነበረም። ኩርፊያ የመሰለዎት ግን የሙቀቱ ጠባቂ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሚወስደው ጊዜ ነበር።

የሻረግ ይህን ለማስረዳት ስትል ታኅሣሥ ስድስት ቀን በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ቆማ የፈረስ ምሳሌ ሰጥታችኋለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእርስዎና ከኮሚቴው አባላት በቀር ማንም አልነበረም፤ እኔም ምሳሌውን የሰማሁት ከቃጠሎው በኋላ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የሙቀቱ ጠባቂ፣ አለች፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ዳገት እንደሚወጣ የሊቀ መንበሩ ዳማ ፈረስ ነው፤ ወዲያው አይቆምም፣ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ይቆማል፣ ካልበረደለትም አይንቀሳቀስም። የማግኔቱ ጠባቂ ደግሞ መንገድ ላይ እባብ ያየ ያው ዳማ ነው፤ አይመክርም፣ አይጠይቅም፣ በአንድ ዝላይ ይቆማል። ሁለቱንም የሚገርፍ ሰው ፈረስ አያውቅም።

ይህ ንግግር በቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም። በዚያ ቀን ገጽ ላይ የተጻፈው «ከባለሙያዋ የቀረበ ማስጠንቀቂያ የለም» የሚል ነው። እኔ ክፉ አላስብም። ወፍጮ አጠገብ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው ጆሮው ሊደነዝዝ ይችላል፤ ምናልባት አልሰማችኋት ይሆናል ብዬ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከልቤ አምኜ ነበር።

ሁለተኛ። ስለ ብርድ ልብሱ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ ቆሰበር ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሲወርድባት፣ ብሬከሩ በጠዋት ብዙ ሰዓት ይቆይ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ቶሎ ቶሎ ይወርድ ነበር። የሙቀት ጠባቂ እንዲህ ነው፤ ዙሪያው ሲቀዘቅዝ ይታገሣል፣ ዙሪያው ሲሞቅ ትዕግሥቱ ያጥራል። እርስዎ ግን ነገሩን በርኅራኄ አይተው፣ ዕቃው በጠዋት ብርድ ስለሚመታው ከሰዓት በኋላ ይታመማል ብለው ደመደሙ። ዱቄቱም እንዳይገባበት አስበው፣ ጥበቃውን አያ ነጋን ከትከሻቸው ብርድ ልብሳቸውን አውልቀው ሣጥኗን እንዲሸፍኑ አዘዟቸው።

አያ ነጋ የዋህ ሰው ናቸው። ብርድ ልብሱን አጥፈው፣ አራቱን ጫፍ በሲባጎ አስረው፣ ሕፃን እንደሚታዘል አድርገው ጠቀለሉት። ከዚያ በኋላ በሣጥኗ ውስጥ ያለው ሙቀት መውጫ አጣ፤ ብሬከሩ በሠላሳ ደቂቃ ይወርድ የነበረው በአሥራ አምስት መውረድ ጀመረ። የሻረግ ብርድ ልብሱን ፈታ ለአያ ነጋ ትመልስላቸዋለች፤ በማግሥቱ በእርስዎ ትእዛዝ ተመልሶ ይታሰራል። አያ ነጋም እየበረዳቸው «እኔስ ቢበርደኝ ሰው ነኝ፣ እናገራለሁ፤ ዕቃው ግን መናገር አይችልም» ይሉ ነበር። በዚህ አገር ብርድን የሚያህል ጠላት እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም በዓለም ላይ ለኤሌክትሪክ ብሬከር ብርድ ልብስ ያለበሰ ማኅበር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ክብር ያበቃን እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ። ድንጋዩን ከመወቀር ስላሳረፉት አመሰግናለሁ።

የወፍጮ ድንጋይ ሲደንዝ ይወቀራል፤ ካልተወቀረ እህሉን አይቆርጠውም፣ ያሸዋል፤ ሞተሩም በትርፍ ጉልበት ይጎትታል። ውቀራ አንድ ሙሉ ቀን ወፍጮ ያስቆማል። እርስዎ ደግሞ «ከበዓሉ በፊት አንድ ቀን አናባክንም» ብለው ከኅዳር ወደ ታኅሣሥ፣ ከታኅሣሥ ወደ ጥር አስተላለፉት። በዚህ ላይ በገበያ ቀን በከተማው ያለው ወፍጮ ሁሉ ሲዞር የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፣ ኃይሉ ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የበለጠ ይስባል። ስለዚህ ብሬከሩ ሲወርድ የሚናገረው ነገር ነበረው። አሁን ሳስበው ከኮሚቴው አባላት ሁሉ ስለ ድንጋዩ ሳይሰለች ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው።

የሻረግ ድንጋዩ መደነዙን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋትም ነበር። ዱቄቱ ከአፉ ሲወርድ ቀኝ መዳፏን ከሥር ትዘረጋለች፤ ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው፣ የሚፋጅ ከሆነ ድንጋዩ ተጣብቋል ወይም ደንዟል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስታ አላየኋትም። እናቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ዱቄታቸውን ከመቀበላቸው በፊት ፊቷን ያዩ ነበር፤ ሲሞቅባት በአገውኛ «ዛሬ አመድ ነው የምሰጣችሁ» እያለች ታስቃቸዋለች።

ባለፈው እሑድ ከሌላ ወፍጮ ያስፈጨሁትን ትኩስ የዳጉሳ ዱቄት ይዤላት ሄድኩ። ፋሻው ስለ ተፈታ በመዳፏ ላይ አንድ እፍኝ አፈሰስኩላት። ይሞቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትኩር ብላ አየችውና «አላውቅም፣ አያ» አለችኝ። ከዚያ ዱቄቱ እንዳይባክን በግራ እጇ ሰብስባ ወደ ከረጢቱ መለሰችው።

አራተኛ። አራተኛውን ጽፌው ነበር፤ የሻረግ ረቂቁን አንብባ «ይህን ሰርዘው» አለችኝ። ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ግን ሳልሰርዝ መተዌ ክቡርነትዎ በዚህ ቦታ ላይ የሚመጣልዎትን ራስዎ እንዲሞሉበት ነው።

አምስተኛ። ስለ ፌዙ ጽሑፍ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ማመስገን ብቻ ሳይሆን መናዘዝም ይገባኛል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሣጥኗ ላይ ተለጥፎ የተገኘው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፤ «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ታካሚ ብሬከር ከአቅም በላይ በሆነ ሥራና ከልክ ባለፈ ሙቀት ምክንያት ስለ ታመመ የሃያ ደቂቃ ዕረፍት ታዞለታል። ብርድ ልብሱ ይውለቅለት።» ከሥሩ የሐኪም ፊርማ የመሰለ ነገር ተሞንጭሯል።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለ ማንም ምክር፣ እህሌን አስፈጭቼ ስወጣ፣ የሻረግ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ እያጠበቀች ጀርባዋን ባዞረችበት ደቂቃ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰው በደብዳቤ ካልሰማ በቀልድ ይሰማል ብዬ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስቀልድ የኖርኩት ቀልድ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው። እርስዎ ወረቀቱን በጥንቃቄ ነቅለው፣ በፋይል አስገብተው፣ ከወር በኋላ በእሷ ላይ ማስረጃ አድርገው አወጡት። በእኔ ቀልድ እስካሁን ከሣቁት ሰዎች ሁሉ ቁም ነገር አድርገው የያዙልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ፊርማውን ከዚህ ደብዳቤ ፊርማ ጋር ማስተያየት ይቻላል። «ት» ስጽፍ እግሯን እንደማጎብጣት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስድስተኛ። ስለ ጥር ሃያ አንድ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ለብሬከሩ የመጨረሻ ዕድል ሰጥተውት ነበር። ከሰል ከሚከሰልበት የዲከረንስ እንጨት ሽብልቅ አስጠርበው እጀታው እንዳይወርድ ከሥሩ አስቀረቀሩበት። የብሬከር ጥበብ ግን እጀታው ላይ አይደለም፤ እጀታው ቢያዝም ውስጥ ለውስጥ ያቋርጣል። እጀታው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወፍጮው ሲቆም፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ዕቃው እምቢተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ» ተብሎ ተጻፈ። በማግሥቱ ስማቸውን የማልጠራቸው አንድ የእጅ ባለሙያ መጡ፤ ብሬከሩን ነቅለው ጣሉት፣ ሁለቱን ጫፍ በወፍራም ሽቦ ቀጥታ አገናኙትና በግማሽ ሰዓት ሥራቸውን ጨረሱ። የሻረግ በዚያ ቀን ሽቦውን አልነካም ብላ በጽሑፍ አስገብታለች፤ ወይዘሮ ፍቅርአዲስም ተቀብለው ፈርመውላታል። ደብዳቤው አሁን የት እንደገባ አልታወቀም፤ የተፈረመበት ቅጂ ግን እኔ ዘንድ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወፍጮው አንድም ጊዜ ሳይቆም ፈጨ። እርስዎም ወረፋው አጠገብ ቆመው «አያችሁ፣ ወፍጮ እንዲህ ነው» ብለው ነበር። ልክ ነበሩ፤ የሚናገረው ከቦታው ከተወገደ ዝምታው ደኅንነት ይመስላል።

ጥር ሃያ አንድ፣ የፈረስ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከአዲስ ቅዳም መንገድ ሳይቀር የድግስ እህል የጫኑ አህዮች እስከ ድልድዩ ተሰልፈው ነበር። ረፋድ ላይ ሞተሩ የተቃጠለ ቀለም ሸተተ። የሻረግ እህል ማፍሰሱ ይቁም አለች። እርስዎ «የበዓል እህል ነው፣ ይሂድ» አሉ። አሥራ አንድ እናቶች ቁናቸውን ይዘው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ቆይቶ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ሁለቱ መስመር ተነካኩ። በዚያች ቅጽበት ሊያቋርጥ የሚገባው የማግኔት ጠባቂ ከጓሮ ቆሻሻ ውስጥ፣ ከገለባ ሥር ተኝቶ ነበር። እሳቱ ከሣጥኗ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሮጠ፤ የእህቴ ልጅ ወደ ሣጥኗ ሄደች። የዋናውን ማጥፊያ የብረት ክንድ በቀኝ መዳፏ ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። የሚያጠፋ ሌላ ነገር ስላልነበረ ማጥፋቱን እሷ ሠራችው።

ሪፖርትዎ እንደሚለው እሳቱ በተነሣበት ሰዓት እጇ ማብሪያው ላይ ተገኝቷል። እውነት ነው። የእጇ ቆዳም እዚያው ተገኝቷል። አሥራ አንዱ እናቶች በሙሉ በእግራቸው ወጥተዋል፤ ከመካከላቸው የእርስዎ አማት እመት ምህረቴ አንዷ ነበሩ። እሳቸው ደኅና መሆናቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። የጠፋውን ወፍጮ መልሱ፣ የነደደውን ሞተር ተኩ፣ ይቅርታ ጠይቁ አልልም። የካቲት ሃያ አራት ቀን ጉባኤው ፊት «የባለሙያዋ ቸልተኝነት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከሪፖርቱ ላይ እንዲያነሡ ብቻ እለምናለሁ። እጇ ቢድንም ባይድንም ስሟ ይዳን። የሚያነሡበት ምክንያት ከፈለጉ፣ ብሬከሩን ከጓሮው ቆሻሻ አንሥቼ፣ ጠርጌ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የቤቴን ምድጃዎች እየጫንኩበት ፈትኜዋለሁ፤ ሲበዛበት ሞቆ ይወርዳል፣ ሲበርድለት ይነሣል። ምንም አልሆነም። በጉባኤው ዕለት ይዤው እመጣለሁ፤ ከተፈቀደልኝ በሁሉ ፊት እፈትነዋለሁ፣ ካልተፈቀደልኝ አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከማኅበሩ ሥራቸውን በትክክል በመሥራታቸው የተገፉት ሁለቱ ስለሆኑ አብረው ቢቀመጡ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ከወንበርዎ ከፍታ፣ ከማኅተምዎ ክብነት፣ ከብርድ ልብስዎም ሙቀት ዘወትር ሳልርቅ፣ በሚታይም በማይታይም ውለታዎ ተከብቤ፣ ጉንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አትክልት ምስጋናው
የሻረግ አጎት፣ የፌዙ ወረቀት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ፣ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣
ለአያ ነጋ፣ ብርድ ልብሳቸው እንዲመለስላቸው፣
ለየሻረግ፣ እንድታውቀው ብቻ፤ ከእንግዲህ መሰረዝ አይቻልም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ወደ መኖሪያ ቤትዎ አስጠርተው፣ ለአዲሱ ውኃ ማሞቂያ ብሬከር እንድገጥምልዎት ስላመኑኝ ሳላመሰግን አልቀርም። እኔ ሠላሳ አምፔር የሚሆን አለኝ ብል፣ «የለም፣ ሽቦው የሚችለው ሃያ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሽቦው ይነዳል እንጂ እሱ አይወርድም» ብለው አርመውኛል። መሰላል ላይ ሆኜ ብሎኑን ሳጠብቅ፣ ሁለት ጠባቂ እንዳለው፣ አንደኛው ዳገት ላይ ቀስ እያለ እንደሚደክም ዳማ፣ ሁለተኛው እባብ አይቶ እንደሚዘል ዳማ መሆኑን ለባለቤትዎ ሲያስረዱ አንዲት ቃል ሳትጎድል አዳመጥኩ። ከታኅሣሥ ስድስቱ ስብሰባና ለእኔ ከተነገረበት የሆስፒታል አልጋ በቀር ይህ ምሳሌ የትም አልተነገረም፤ ስለዚህ ጆሮዎ ጤነኛ መሆኑን ለጉባኤው በደስታ እመሰክራለሁ። ሥራዬን ጨርሼ ስወርድም ባለቤትዎ አቧራ እንዳይገባበት ሣጥኗን በነጠላ ልትሸፍን ስትነሣ፣ እርስዎ እጇን ይዘው «ተይው፣ ይሞቅበታል» አሏት።